አርባው ካለፈ በኋላ ጸሎት እምቢ ሲል

«የጓደኛዬ አርባ አለፈ፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንባ እንጂ ጸሎት አይወጣኝም፣ ምን ላድርግ?» ላልከው፦ ሂድና አልቅስ ወንድሜ። እንባውም ጸሎት ነው። የክርስትና ስሙን ጥራና «ነፍሱን ማርልኝ» በል፣ ይበቃል። ሰማንያው ሲደርስ ስሙን ለካህኑ ስጥ።

ከዚያ እናቱ ጋ ሂድ። ዋናው ይሄ ነው። ደሴ ላይ አብሮ አደጌን ስንቀብር ቅሬው (የሰፈሩ እድር) በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አስተዛዘነ። ድንኳኑ ሲነሳ ግን ቤቱ ጭር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። እናቱ ቡና ስታፈላ የሱን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ትደረድረዋለች፤ ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈውን። መጀመሪያ ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን በዚያው ሲኒ ቀድታ ሰጠችኝ። «እኔ ለምን ቀረሁ?» እያልኩ ስብሰለሰል ለከረምኩት መልሱን ያገኘሁት እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ትልቅ ስለት አትሳል። እኔ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን በእግሬ እወጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። በሁለተኛው ዓመት ታምሜ ስቀር ጸጸቱ ሌላ ሐዘን ሆነብኝ። መጀመሪያ የንስሐ አባትህን አማክር።