ስለ ቢጫው የጋዝ ነበልባል

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከተዛወሩ ወዲህ የጋዝ ምድጃዎ ነበልባል ለምን ቢጫ እንደሆነና የድስቱን መቀመጫ ለምን ጥላሸት እንደሚያለብስ ጠይቀዋል። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ ቢጫው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ እየነደደ መሆኑን ያሳያል፤ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊያመነጭ ስለሚችል እባክዎ ችላ አይበሉት። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከኮምቦልቻው ይልቅ ስስ ነው፤ ነገር ግን እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የእሳት መውጫ ቀዳዳዎቹን ነው። የራሴን ምድጃ ስፈታው ገንፍሎ የደረቀ ሽሮ ግማሾቹን ደፍኗቸው አገኘሁ። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን አንስተው ቀዳዳዎቹን በመርፌ ይክፈቱ፣ በሳሙና ያጥቡት፣ በደንብ ሳይደርቅም አይመልሱት። ይህም ካልረዳ የአየር ማስገቢያውን ባለሙያ ያስተካክልልዎ።

ሲሊንደር በቀየሩ ቁጥር ደግሞ መጋጠሚያውን የሳሙና ውኃ ይቀቡት፤ አረፋ እየተነፋ ከመጣ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ከሸተተዎ ቫልቩን ዘግተው፣ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም፣ በርና መስኮቱን ከፍተው ይውጡ። የደሴ ብርድ ቢያስቸግርም፣ ሲያበስሉ መስኮቱን ገርበብ ያድርጉት።