ከአዘዞ ፒያሳ በየቀኑ መመላለስ ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው አዘዞ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ታክሲ በመጠበቅና በመንገድ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይባክንብኛል፤ ቢሮ ደርሼ ግን አብዛኛውን ቀን የምውለው ከኮምፒውተር ጋር ነው። ሥራ አስኪያጃችንን በሳምንት ጥቂት ቀን ቤቴ ሆኜ ልሥራ ብላቸው «ቤት የዋለ ሰው ሠራ አይባልም» አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በድጋሚ ሲያቀርቡት የመንገዱን ድካም አያስቀድሙ። ሥራ አስኪያጅዎ ሊሰሙ የሚፈልጉት የትኛው ሥራ ሳይጓደል ከቢሮ ውጭ ሊሠራ እንደሚችል ነው። ደረሰኝ መቀበል፣ ቼክ ማዘጋጀትና ጥሬ ገንዘብ መቁጠር ከቢሮ አይወጡም፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርና የወር መጨረሻ ሪፖርት ግን አንድ ሰው ጸጥ ያለ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚጨርሳቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምሰጋልዎት በመዝገቡ ነው። ድርጅትዎ እንደ ብዙዎቹ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ፣ ባክአፑን (የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ) በፍላሽ ይዞ ቤት መሄድና በማግስቱ ቢሮ መልሶ መጫን ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ይሁንና ፕሮግራሙ ባክአፕ ሲመለስለት ሁለቱን መዝገቦች አያዋህድም፤ አዲሱን በነበረው ላይ ይተካዋል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ቤቷ የሠራችውን ስትጭን ባልደረባዋ በዚያው ቀን የመዘገበው የሽያጭ ደረሰኝ ሁሉ ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለቱም የደረሰኙን ጥራዝ ቅጠል በቅጠል እያገላበጡ እንደገና ሲመዘግቡ አመሹ።

ስለዚህ መዝገቡ ቢሮ ይቀመጥ። በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ግንኙነቱንም በቪፒኤን (መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ በሚመሰጥር መስመር) አስጠብቆ፣ ከቤት ሆኖ የቢሮውን ኮምፒውተር ማዘዝ ይቻላል፤ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የእርስዎ ትእዛዝ ብቻ ነው። የቢሮው መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው አብሮ ይቆማልና፣ እኔ የምመርጥልዎት አስፈላጊውን ሪፖርት ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል አውጥቶ ቤት መሥራትን፣ ማስተካከያውንም በማግስቱ ቢሮ ገብቶ መመዝገብን ነው። ፋይሉ የደመወዝ መረጃ ካለው በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

ቤትዎ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም ራውተሩ ወዲያው ይጠፋል። ብዙ የቤት ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ ከጀርባው የተጻፈውን አይተው የሚመጥነውን አነስተኛ የባትሪ ዩፒኤስ ይግዙ፤ ለስብሰባም ቪዲዮውን ዘግተው በድምፅ ብቻ ቢገቡ ዳታ ይቆጥባሉ።

የአለቃዎን ጥርጣሬ በተመለከተ፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ሊጠቅምዎት ይችላል። ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት በሳምንት አራት ቀን ከቤት የሠሩ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ውጤት በዘጠኝ ወር ውስጥ በ13 በመቶ ጨምሯል። ሆኖም በኋላ ምርጫ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመልሰዋል፤ ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር። ለዚህም ነው ሁለት ቀን ብቻ ይጠይቁ የምልዎት።

ለአንድ ወር ሙከራ ይሁን ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ጠዋት የሚሠሩትን፣ ማታ የጨረሱትን በአጭሩ ይላኩላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት እንደማይበልጥም ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ ቤት ነሽ ተብሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሪፖርት መጠየቅ ይመጣልና። ለጎረቤቶችዎም እነዚያን ሁለት ቀናት ቡናው ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዲሆንልዎት አስቀድመው ይንገሯቸው።