ለድሮ መኪና አዲስ ፍሬን ማስተር ለምትገጥሙ ልጆች

ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ወይም ከልጅነታችሁ ጋራዥ ውላችሁ ቁልፍ ለያዛችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስለ ፍሬን ማስተር፣ የእግርን ርግጫ ወደ ዘይት ግፊት ቀይሮ ወደ ጎማዎቹ ስለሚልከው ሲሊንደር። ኦሪጅናሉ ከገበያ ሲጠፋ ሌላ ፋብሪካ ሠርቶት በካርቶን ስለሚመጣው ነው የማወራው። የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ወይም እሱን የሚመስል አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ የሚመጣ ባለንብረት ዕቃውን ገዝቶ በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው። «ግጠሙልኝ» ይላል። ሻጩም «ለዚህ ሞዴል ነው» ብሎታል። እናንተ ግን ሁለቱንም ቡሎን ከማሰራችሁ በፊት ቬርኒየራችሁን፣ ያንን ሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ፣ አውጡ።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ የድሬዳዋ ልጅ ይገባዋል። ከሐረማያ በኩል ድንችና ሽንኩርት ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ የሚወርድ መኪና ከ2,000 ሜትር ገደማ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። ሦስት ቶን ክብደት 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ማፍያ ነጥቡ ላይ ያደርሳል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ በከባድ ማርሽ የሚይዘው አለ፣ ነፋስም የሚወስደው አለ፤ የቀረው ግን ታምቡር ውስጥ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ በከዚራ ዛፎች ሥር ተሞክሮ «አንደኛ ነው» የተባለ ፍሬን ደንገጎ ላይ ሌላ ፍሬን ይሆናል።

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የማስተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ታች ወርዶ በሁለተኛው ከፍ ብሎ ከያዘ፣ ማስተሩን አትክሰሱት፤ ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ እያሻ የሚያቆመው ንጣፍ፣ ከታምቡሩ ርቋል። ታምቡር ብቻ ያላቸው የ40 ዘር ላንድክሩዘሮች በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሲሊንደር ስላላቸው የሚስተካከሉት ቦታዎች ስምንት ናቸው። አራቱን አጥብቆ አራቱን የረሳ መካኒክ ምን የመሰለ አዲስ ማስተር ቢገጥም ፔዳሉ ታች ነው። እያንዳንዱን ታምቡሩ እስኪይዝ አዙሩ፣ ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ጥቂት ጥርስ መልሱ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ ሲያብጥም እንዲሁ ይሰማል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚወርድና በውጭ ምንም ፍሳሽ የማይታይ ከሆነ ግን ያኔ የማስተሩ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል። ሰርቮ (በአየር ግፊት እግርን የሚያግዝ ዕቃ) ያለው መኪና ላይ ዘይቱ እየጎደለ ፍሳሹ ካልተገኘ፣ ማስተሩን ከሰርቮው ነጥላችሁ ከኋላው እርጥበት መኖሩን እዩ። እዚያ ያፈሰሰው ዘይት ሰርቮው ውስጥ ነው የሚጠራቀመው።

ጥፋቱ የማስተሩ ሆነ እንበል። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ልኬት የውስጥ ስፋቱ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ገላው ላይ ተቀርጿል፤ ካልታየ ፒስተኑን ለኩ። 22.2 ሚሊ ሜትርና 25.4 ሚሊ ሜትር በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠረው ስፋቱ ሳይሆን ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ባለ 25.4ቱ ፒስተኑ እኩል ርቀት ሲሄድ 31 በመቶ ገደማ የበለጠ ዘይት ይልካል፤ በዚያው እግር ግን የሚሰጠው ግፊት 23 በመቶ ያነሰ ነው። «ትልቁን እንግጠምለት፣ ይጠነክራል» የሚለው የጋራዥ ወሬ ተገልብጦ የተያዘ ነው፤ የሚጠነክረው ፔዳሉ ነው፣ ፍሬኑ አይደለም። ትንሹን ብትገጥሙ ደግሞ እግር ይቀለዋል፣ ግን ስምንት ሲሊንደር ለመሙላት ዘይቱ ሳይበቃ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የታችኛው ዕቃ ካልተለወጠ ስፋቱንም አትለውጡ።

ሁለተኛው ልኬት ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ ፔዳሉ የሚገፋው ዘንግ የሚያርፍበት የፒስተኑ ጉድጓድ ጥልቀት። ለሰርቮ የተሠራ ማስተር ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። ሰርቮ የሌለው መኪና ላይ ይኸው ማስተር ከገባ፣ ፔዳሉ ሲመለስ ዘንጉ ከቦታው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ሹፌሩ የሚረግጠው ባዶ ነው። አሮጌው ምን ያህል እንደሚጎደጉድ በቬርኒየሩ ጭራ ለኩና ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። በማስተሩና በሚታሰርበት ቦታ መሐል ማስማሚያ ላሜራ ከገባም የዘንጉ ርዝመት በላሜራው ውፍረት ልክ መጨመር አለበት። ላሜራው ስስ ከሆነ ይታጠፋል፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብረት ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ዘንጉም ወደ ፒስተኑ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ በሰያፍ የሚገፋ ዘንግ የሲሊንደሩን አንድ ጎን ይበላል።

መውጫዎቹንም ወደ ውስጥ በባትሪ እዩ። ለታምቡር የተሠራ መውጫ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቫልቮላ አለው፤ መስመሩ ውስጥ 0.7 ባር ያህል ግፊት አስቀርቶ የሲሊንደሮቹ ጎሚኒ ከንፈር ከግድግዳው እንዳይላቀቅ ያደርጋል። ባለንብረቱ ፊቱን ወደ ዲስክ ቀይሮ ከሆነ ይህ ቫልቮላ በዲስኩ መስመር ላይ መቅረት የለበትም፤ ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሄዳል፣ ይግላል፣ ያልቃል። ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሆን ትልቁ የዘይት ቋት የዲስኩ ነው። ከአንድ መስመር ወደ ሁለት የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን መውጫ በአንድ መገጣጠሚያ መልሳችሁ እንዳታገናኙ፤ አደራ። ሁለት መስመር የተሠራው የፊቱ ቢፈነዳ የኋላው እንዲይዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን መኪና የሚያቃጥለው አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ፔዳሉ ባልተረገጠበት ጊዜ በዘንጉና በፒስተኑ መካከል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። የፔዳሉ ብዜት ስድስት ከሆነ፣ ማለትም እግር ከዘንጉ ስድስት እጥፍ የሚሄድ ከሆነ፣ ይህ ክፍተት እግር ሥር ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይሆናል። ባለንብረቱ ይህን ባዶ እንቅስቃሴ አይወደውም፤ «ቶሎ ይያዝልኝ» ይላል። እናንተም ደስ እንዲለው ዘንጉን ታስረዝማላችሁ። ዘንጉ ፒስተኑን ትንሽ ገፍቶ ሲያስቀምጠው ከቋቱ ሥር ያለችው የመመለሻ ቀዳዳ በጎሚኒው ትዘጋለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ወደ ቋቱ የሚመለስበት ስለሌለው ሸራውን ይገፋል፤ ሸራው ታምቡሩን ያሻል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ማንም ሳይረግጥ መኪናው ራሱን ይይዛል፣ ቸርኬው ይጨሳል። ሌሊት ቀዝቅዞ ጠዋት ሲመጣ ምንም የለውም፤ ችግሩ «ጠፋ» ይባላል።

የቀዳዳዋ ፈተና ቀላል ነው። የቋቱን ክዳን ክፈቱ፣ ጓደኛችሁ ፔዳሉን በእጁ ጥቂት ይግፋው፣ እናንተ ዘይቱን እዩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ምንጭ ፈንጠር ማለት አለባት። ፊታችሁን አርቁ፤ ዓይን ላይ መጥፎ ነው። ምንጯ ከሌለች ዘንጉ ረዝሟል። ሰርቮ ያለው ላይ ደግሞ በሰርቮው ጫፍና በፒስተኑ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይፈለጋል። ለመለካት ቁራጭ ፕላስቲሲን፣ ከጠፋም ደረቅ ያለ ሊጥ ዘንጉ ጫፍ ላይ ለጥፋችሁ ማስተሩን አስራችሁ ፍቱት፤ የተጨፈለቀው ውፍረት ክፍተቱ ነው። ሊጡን ጠርጉት እንጂ እዚያ አትተዉት።

ስለ ሰርቮ ካነሳን ከፍታውንም አትርሱ። የሰርቮው ጉልበት የውጭ አየር ግፊት ነው፤ ሐረማያ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የፔዳል ቅለት እዚህ አይገኝም፣ ማስተሩም ጥፋተኛ አይደለም። የቤንዚን ሞተሩ በናፍጣ የተቀየረ መኪና ከሆነ አየር የሚስበውን ፓምፕ ፈልጉ፤ በድሮዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ሞተር ቀይሮ ፓምፑን የተወ ሰው አለ።

አሁን ቧንቧ። የጃፓን መኪና ነት ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። የአሜሪካው 9.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው፤ ባለ 10ሩ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፣ የያዘ ይመስላል፣ ሲጠበቅ ይላጫል። በጣት ብቻ አራትና አምስት ዙር ካልገባ ወይም እየተወዛወዘ ከገባ አቁሙ። የቧንቧው አፍ አከፋፈትም ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ ፈንጠዝያ ጥሩምባ የተከፈተውና እንደ አረፋ ክብ ያለው አንዱ የሌላው ወንበር ላይ አይቀመጡም። የፍሪጅ መዳብ ቧንቧ አጥፎ ፍሬን መሥራት እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ተዉት። መዳብ በንዝረት ይደርቃል፣ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ባለ 4.75 ሚሊ ሜትር የፍሬን ብረት ቧንቧ ፈልጉ፤ አፉም ድርብ ታጥፎ ይከፈት። ነቱን ስድስቱንም ጎን በሚይዝ፣ ለቧንቧ ማስገቢያ አንድ ጎኑ በተሰነጠቀ ቀለበት ቁልፍ እሰሩት፤ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። በፒንሳ የተነካ ነት ሁለተኛ አይፈታም።

አዲሱን ማስተር በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡት። የነዳጅ ዘር የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ያችኑ ቀዳዳ ይዘጋል። ንጹሕ ፍሬን ዘይት ወይም አልኮል ብቻ። ዘይቱም ማኅተሙ ያልተነካ ይሁን። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲጠጣ ግን 140 ይበቃዋል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ለደንገጎ ዶት 4 ግዙ፣ ከዶት 3 ጋር ቢገናኝም አይጣላም፤ ሲሊኮኑን ዶት 5 ግን አትቀላቅሉ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ለማንም አትስጡ፤ የድሬ አየር ደረቅ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ሙሉ መስመሩን ለማጠብ አንድ ሊትር ያዙ።

ማስተሩን መኪናው ላይ ሳትሰቅሉ አየሩን አውጡ። በሞርሳ ጆሮውን ያዙት፣ ገላውን አትጭመቁ። ከመውጫዎቹ ሁለት አጭር ቱቦ ወደ ቋቱ መልሱ፣ ጫፋቸው ዘይት ውስጥ ይጥለቅ። በእንጨት ዘንግ ቀስ እያላችሁ ግፉ፣ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ አረፋው እስኪጠፋ። አቦ፣ አትቸኩሉ! የበርጫ ሰዓት ደረሰ ተብሎ እዚህ ላይ የተዘለለ አሥር ደቂቃ በኋላ ግማሽ ቀን ያስለፋል። መኪናው ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ያዘነበለ ማስተር ጫፉ ላይ አየር ይይዛል፤ እስኪስተካከል የመኪናውን ኋላ በክሪክ አንሱ።

ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ቡሎኑ ይዘጋ። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ አሮጌው ማስተር ገና ካለ ጎሚኒው እስከ መጨረሻ ሄዶ ዝገት ላይ እንዳይቧጠጥ። ቋቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

ሲያልቅ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል አንድ ደቂቃ ያዙ፤ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ያለ ጭነት ሜዳ ላይ አሥር ያህል ጊዜ አቁሙት፣ ከዚያ አራቱንም ታምቡር እጃችሁን ሳታስነኩ አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን አመዛዝኑ። አንዱ ብቻ ከጋለ የዚያ ጎማ ሸራ ጠብቋል፤ አራቱም ከተፋጁና ፔዳሉ ከደረቀ ወደ አንዷ ሚሊ ሜትር ተመለሱ። መንገድ ላይ እንዲህ ከያዘ፣ ማስተሩን የያዙትን ነቶች ጥቂት አላልታችሁ ወደ ፊት ሳብ ስታደርጉት ጎማዎቹ ከተለቀቁ ጥፋቱ የዘንጉ ነው። ካልተለቀቁ ቀዳዳዋ ወይም የጎማ ቱቦው ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ይመለስና ነቶቹ፣ ዘይቱ፣ ሸራው ይታዩ። እስከዚያ አሮጌውን ማስተር ለቁራሌው አትሽጡት፤ ዘንጉ፣ ማስማሚያው ወይም አንዷ ነት ትፈለግ ይሆናል።