ሚል ላክስ ላይ ዎልአይ ለማጥመድ ላሰብከው ወንድሜ፦ ከማጥመጃው በፊት ነፋሱን ጠይቅ

ወንድሜ፣ «በኦክቶበር ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሚኒሶታው ሚል ላክስ ሐይቅ ወጥተን ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ እንፈልጋለን፤ የትኛውን ማጥመጃ እንግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ ስለ ቀለም ተከራከሩ፤ ስለ ነፋስ ያነሣ አንድም ሰው የለም። መቼም አንተም እንደ እኔ የራስህ ጀልባ የለህም። ከሴንት ፖል ሌሊት ተነሥታችሁ፣ እዚያው ጀልባ ተከራይታችሁ፣ በዚያው ምሽት ልትመለሱ ነው ያሰባችሁት። እንግዲያው ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ስማኝ።

አንደኛ፣ ሐይቁን አትናቀው። እኔ ሐዋሳ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ሐይቅ አዲስ አይሆንብኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ሚል ላክስ ወደ 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የሐዋሳን ሐይቅ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 13 ሜትር ያህል ነው። «ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል?» ትለኝ ይሆናል። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ሳትሻገር ሌላው ይደርስብሃል። ከጥቃቅን ደሴቶች በስተቀር ነፋሱን የሚያግድ ነገር የለም። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውኃው የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ይቆያል፣ አየሩ ግን ይቀዘቅዛል። ከውኃው በላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከፍ ብሎ የነበረው ብርቱ ነፋስ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ዳርቻ ላይ ቆመህ የምትገምተው ነፋስና መሀል ሐይቅ የሚጠብቅህ ነፋስ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ስለ ኪራይ ነው። እዚህ ላይ ታገሠኝ፤ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ጀልባ ያከራየኝን ሰውዬ ስሙን እዚህ አልጠራም። ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ትንበያው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ እንደሚነሣ አመለከተ፤ ደውዬ ቀኑን ወደ እሑድ እንዲያዛውርልኝ ለመንኩት። «ኦክቶበር ነው፣ ነፋስ ይነፍሳል፤ የተከፈለ አይመለስም» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ውኃው ዝም ብሏል። ሰውየው አየኝና ፈገግ አለ። ካርታ ስጠኝ ስለው «ስልክህ ላይ አለ» አለኝ። ድንጋይ ያለበትን ቦታ አሳየኝ ስለው እጁን ዘርግቶ ሐይቁን በሙሉ አሳየኝ! ተንሳፋፊ ጃኬቶቹን ደግሞ ከነሻጋታቸው ወረወረልን።

ጓደኛዬ «ይሸታል» ብሎ ጃኬቱን ሊተወው ነበር። ካልለበስክ ሞተሩን አላስነሣም አልኩት። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ልኩራራ ብዬ ነው። በዚያ ወቅት ውኃው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ እጅና እግሩ አይታዘዙትም፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ ራሱን ለመሳት ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ዋና እችላለሁ የሚለው ሰው የሚሰጥመው በመካከሉ ነው። ጃኬት የለበሰ ሰው ያን አንድ ሰዓት ተንሳፍፎ ሰው እስኪደርስለት ይጠብቃል።

ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ መጣ፤ ልክ ትንበያው እንዳለው። ወደ ዳርቻው ስንመለስ ሞገዱ ጀልባዋን ያነሣትና ያወርዳታል፤ አንዴ ስትወርድ ፕሮፔለሩ ከውኃው በታች ያለውን ድንጋይ መታ። ሞተሩ ጠፋ። እየቀዘፍን፣ ከጀልባዋ ውስጥ ውኃ እየቀዳን፣ እየተሳደብን ወጣን። ሰውየው የተጣመመውን ፕሮፔለር አየና ማስያዣችንን፣ 300 ዶላር፣ እንዳለ አስቀረው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ያኔም አላመንኩም፣ አሁንም አላምንም። ድንጋዩን አሳየኝ ብዬው ያላሳየኝ ሰው በድንጋዩ ሊያስከፍለኝ አይገባም። ጓደኛዬ «የነዳኸው አንተ ነህ» ይላል፤ እሱን ተወው።

አንተ እንግዲህ ከመክፈልህ በፊት ነፋስ ቢነሣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ወይም ቀኑ ይዛወር እንደሆነ በጽሑፍ አስልክ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የነፋስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። «ማስጠንቀቂያ ከወጣ» ብለህ ከተዋዋልክ ክርክር የለም፤ «ነፋስ ከበዛ» ካልክ ግን ለእነሱ ነፋስ መቼም አይበዛም። ፕሮፔለሩንም ከመነሣትህ በፊት በስልክህ ቅረጸው።

ሦስተኛ ብዬ የምነግርህ፣ ለምን ጀልባ ትከራያለህ? በዚያው ቀን ገንዘባችን ተበልቶ፣ ልብሳችን ርሶ፣ ባዶ እጃችንን ከምንመለስ ብለን አመሻሹ ላይ ድንጋያማ ዳርቻ ፈልገን ቆምን። ነፋሱ ፊታችንን ይመታናል። ጀልባ ላይ ጠላታችን የነበረው ነፋስ ለዳርቻ አጥማጅ ወዳጅ ነው፦ ውኃውን ያደፈርሳል፣ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ትንንሾቹን ዓሣዎች ወደ ዳር ይገፋል። ዎልአይ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በድንግዝግዝ ከሚያድነው ዓሣ የተሻለ ያያል፤ ባትሪ ሲበራበት እንደ ጅብ ዓይን ያበራል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ለክረምቱ ለመወፈር ሲጨልም ወደ ድንጋዩ ይቀርባል። ጓደኛዬ ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ያወጣው እዚያ ነው፣ ጫማው እንኳ በቅጡ ሳይርስ። የመጠን ገደቡ ስላልፈቀደ መልሰን ለቀቅነው። እስከ ቤት ድረስ አልተናገረም።

ማጥመጃውን በተመለከተ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይሰጥም ሰው ሠራሽ ዓሣ ይበቃሃል። ቀለሙ ከአጎታተትህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ እኔ ብርማውን እመርጣለሁ። ውኃው በቀዘቀዘ መጠን በዝግታ ጎትት፣ መሀል ላይ ቆም አድርገው፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ቆም ሲል ነው። ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ቦታህን ያዝ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከጉልበት በላይ አትግባ። ልብስ ደርብ፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው የአገራችን ብርድ እዚህ ካለው ጋር አይወዳደርም። ቦታ ካጣህ አይል ከተማ አጠገብ ያለውን የፋዘር ሄነፒን ፓርክ ሞክር።

ደንቡን ግን ከመነሣትህ በፊት በዚያው ሳምንት አንብበው፤ የጓደኛ ወሬ አትመን። የሚል ላክስ ደንብ ከቀረው ሚኒሶታ ይለያል፣ በዓመቱ መሀልም ይለወጣል። በ2016 ዎልአይ ይዞ መሄድ ጭራሽ ተከልክሎ ነበር፤ በሌሊት ማጥመድ የተከለከለባቸው ጊዜያትም ነበሩ። በየዓመቱ የሚያዘውን መጠን ግዛቲቱና ኦጂብዌ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስምንት ማኅበረሰቦች ይካፈሉታል፤ መሠረቱ በ1837 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል ነው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 አጽንቶታል። ሱቅ ውስጥ እነሱን የሚያማርር ብትሰማ አትግባበት፤ ውሉ ከሁላችንም በፊት የነበረ ነው። ደግሞ እንደ ሐዋሳ ዳርቻው ላይ ፊሌቶ ማውጣት አይታሰብም፤ ተቆጣጣሪው ርዝመቱን መለካት ስላለበት ዓሣው ከነራሱና ከነጅራቱ ይሁን።

ይህን ሁሉ አንብበህ የግድ በጀልባ ነው የምንወጣው ካልክ፣ የኪራይ ቤቱን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። ያ ሰውዬ ከሆነ እነግርሃለሁ።