«ልጁን ፈላስፋ ልታደርጊው ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሩት። የ11 ዓመት ልጅሽ ሱቅ ተልኮ 100 ብር ሰጠ፣ ባለሱቁ ተሳስቶ የ200 ብር መልስ መለሰለት፣ ልጁም ትርፉን ደበቀ። አባቱ ሲደርስበት በቀበቶ ገረፈው። አንቺ ዱላው አላስደሰተሽም። በማግስቱ እራት ላይ «አንድ ልጅ ባለሱቅ መልስ ቢያበዛለት ምን ማድረግ አለበት?» አልሽው። «ይመልሳል» አለና አቀረቀረ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና «አባዬ ባለፈው የታክሲው ረዳት መልስ ሲያበዛለት ዝም አላለም እንዴ?» አለ። ቤቱ ተረበሸ። ባለቤትሽም «ልጁን ፈላስፋ ልታደርጊው ነው? ሌብነት ሌብነት ነው፣ አለቀ!» ብሎ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።

በአንድ ነገር ባለቤትሽ ልክ ነው። የሰው ገንዘብ መመለስ ለክርክር አይቀርብም። ልጁ ብሩን ይዞ ለባለሱቁ ይስጥ፣ ከሁለት አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። ቀበቶው ግን ያስተማረው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነቃበት መደበቅን ነው።

ያንቺ ጥያቄ ያልሠራው ለምን መሰለሽ? መልሱን ልጁ ያውቀዋል፣ አንቺም እንደሚያውቀው ታውቂያለሽ፣ «አንድ ልጅ» እያልሽ የምታወሪው ስለ እሱ መሆኑንም ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሄ ምርመራ ነው። ልጅን እንዲያስብ የሚያደርገው ሁለት ጥሩ ነገሮች የተጋጩበት፣ አንቺም ራስሽ «እንጃ» የምትይበት ጥያቄ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሎረንስ ኮልበርግ በ1950ዎቹ የቺካጎ ልጆችን እንዲህ ያለ ታሪክ እየነገረ ይጠይቃቸው ነበር። የአንድ ሰው ሚስት በካንሰር ልትሞት ነው፣ መድኃኒቱን የሠራው ሰው ካወጣው ወጪ አሥር እጥፍ ይጠይቃል፣ ባልየው ተበድሮ ያገኘው ግማሹን ብቻ ነው። ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? ኮልበርግ አጥብቆ የሚያዳምጠው ልጆቹ «ለምን» እንዲህ እንዳሉ ነበር። «ይታሰራል» ብሎ አይስረቅ የሚል ልጅና «ሁሉም እንዲህ ካደረገማ ሕግ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ አይስረቅ የሚል ልጅ መልሳቸው አንድ ነው፣ አስተሳሰባቸው ግን በጣም ይራራቃል።

አንቺ ከግቢያችሁ አንድ ታሪክ አምጪለት። ጓደኛህ ኳስ ሲጠልዝ የአንደኛ ፎቅ መስኮት ሰበረ እንበል። «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ አስማለህ። ዘበኛው ግን ምንም ያላደረገ ሌላ ልጅ ይዞ «ወላጅህ ይክፈል» እያለ ነው። ምን ታደርጋለህ? ከመለሰልሽ በኋላ አትፍረጂ፣ አንዷን ነገር ብቻ ቀይሪ። የሰበረው ወንድምህ ቢሆንስ? የተያዘው ትናንት የሰደበህ ልጅ ቢሆንስ? የዚያ ልጅ እናት መክፈል የማትችል ብትሆንስ? እዚህ ላይ መልሱን ሲቀያይር ታዪዋለሽ፣ ሲቀያይር ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ይገባል፤ እኔ የምወደው ያንን ሰዓት ነው። «አየህ፣ ያኔ እኮ አንተም…» ብለሽ ወደ ሱቁ ጉዳይ የመለስሽው ዕለት ግን ሁለተኛ አያወራሽም።

የ6 ዓመቷ ልጅሽ ገብታ «ብዙ የሰበረ ነው ጥፋተኛው» ብትል አትሳቁባት። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እንደጻፈው ትንንሽ ልጆች ሳያውቅ 15 ስኒ የሰበረውን ልጅ፣ ጃም ሊሰርቅ ሲል አንድ ስኒ ከሰበረው ይበልጥ ጥፋተኛ ያደርጉታል። ሐሳብን ከጉዳት ለይቶ ማየት ከፍ ሲሉ የሚመጣ ነገር ነው።

የታክሲው ነገር ይቀራል፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ባለቤትሽ ከመሐል ከተማ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ መሽቶበት ነው ቤት የሚገባው፤ በልጁ ፊት መዋረድ እንዳልፈለገ ይገባኛል። ግን ልጁ አይቶታል። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ «እኔ አልመልስለትም፣ አንተው ንገረው» በይው። «ያን ቀን መመለስ ነበረብኝ፣ አልመለስኩም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአባት አፍ ስትወጣ እኔ ከምመክረው ሁሉ ትበልጣለች። እምቢ ካለ አትጨቅጭቂው፣ አንቺ በመስኮቱ ታሪክ ጀምሪ። ልጁ ስለ አባቱ ደግሞ ከጠየቀሽም አትሸፋፍኚለት፣ አታሳጪውም። «እሱን ራሱን ጠይቀው» በይው። ዱላው ከቀጠለ ወይም ልጁ አባቱን እየፈራ ቤት መግባት ከጠላ ግን ሳትቆዪ ሦስታችሁም በአካል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂዱ።