እንጨቱንስ ማን ፈለጠለት?

ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤት ልጅ ቤቴ መጥታ ነበር። ኢንጂነሪንግ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ስለ ሥራ ማመልከቻ ልታማክረኝ ነው የመጣችው። ቡናው እስኪፈላ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ ስታይ መደርደሪያው ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ ሲሠራ ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእሷም፣ እሷን ለመሰላችሁ ወጣቶችም ጻፍኩት። ስለ ሲቪ አጻጻፍ አልነግራችሁም። እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዕቃው የመጣው ከጃፓን ነው። ኦካያማ በሚባለው ግዛት ቢዘን የምትባል ከተማ አለች። በ1980 ዓ.ም. ለሥልጠና የተላክሁበት ፋብሪካ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር። ሙያዬ የጥራት ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት በማይክሮሜትር እለካለሁ። ከልኩ በሚሊሜትር መቶኛ የወጣውን ወደ ቀይ ሣጥን እጥላለሁ። ጠማማ ነገር ጠላቴ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አለቃዬ «ሸክላ ላሳይህ» ብሎ በባቡር ወሰደኝ። የወረድነው ቢዘን ውስጥ ኢንቤ የምትባለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። መጀመሪያ የሚታየው በየጣሪያው መሃል የቆመ የጡብ ጭስ ማውጫ ነው። መንገድ ላይ ሳለን አለቃዬ ስለ አንድ የዚያች ከተማ ሰው አጫወተኝ። ካኔሺጌ ቶዮ ይባላል። የቢዘን ሸክላ ተዳክሞ፣ ብዙዎቹ እቶኖች የፍሳሽ ቱቦና ጡብ ማቃጠያ ከሆኑ በኋላ የጥንቱን አሠራር ፈልጎ ያነሣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 መንግሥት ከፍ ያለ ማዕረግ ሰጠው። ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ይለዋል። ሸክላ ሠሪ ነው እንግዲህ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት ይህን ሰምቼ ነው።

የገባንበት ቤት ሽማግሌ ሰባ ዓመት ያለፈው ይመስለኛል። እጁ ቆስሎ የዳነ፣ ደግሞ የተሰነጠቀ እጅ ነው። እቶኑን ከከፈተ ጥቂት ቀኑ ነበር። ዕቃው መሬት ላይ ተደርድሯል። የቢዘን ሸክላ ቀለም አይቀባም። የሚያብለጨልጭ ልባስም የለውም። አፈሩን ከሩዝ ማሳ ሥር ቆፍረው ያወጡታል። ከዚያ አካማትሱ በሚባለው ቀይ ጥድ ሌሊትና ቀን ያቃጥሉታል፤ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት። እሳቱ ከ1200 ዲግሪ ያልፋል። አመዱ እየበረረ ዕቃው ላይ ያርፍና ቀልጦ ይጣበቃል። ቢጫና ግራጫ ፍንጥቅጣቂ ሆኖ ይቀራል። ይህን «ጎማ» ይሉታል፤ በእነሱ ቋንቋ ሰሊጥ ማለት ነው። አንዳንዱን ዕቃ ደግሞ በሩዝ ገለባ ይጠቀልሉታል። ገለባው ተቃጥሎ ያለቀበት ቦታ ላይ እንደ ቀይ ክር መስመር ይቀራል። የትኛው ዕቃ የት ላይ ምን መልክ እንደሚያወጣ ሠሪው ይገምታል፤ የመጨረሻውን ግን እሳቱ ነው የሚጨርሰው።

ሽማግሌው ሁሉንም አየና አንዱን አነሣ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ነው። ቡናማ ቀይ ነው፣ እንደ ዳቦ ቅርፊት። በአንደኛው ትከሻው ላይ ሰሊጡ ተነስንሷል፤ እሳቱ የመጣው በዚያ በኩል ነው። በሌላው ጎን ባዶ ነው። ሙቀቱ አለስልሶት ይመስለኛል፣ ወደ ባዶው ጎን ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከሥሩ አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በልቤ ግን «ሪጀክቱን ሰጠኝ» አልኩ። የማይሸጠውን ለእንግዳ ሰጠ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሻይ ስንጠጣ ጠየቀኝ። አለቃዬ ቀስ እያለ ደገመልኝ። «በአገርህ ሸክላ የሚሠራ አለ ወይ?»

ልጆች፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ቀጨኔ ነው። በእናቴ ጀበና፣ በእናቴ ምጣድና ድስት ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤት «የቡዳ ልጅ» እያሉኝ ነው ያደግሁት። ደብተሬ ላይ ጭቃ ከነካ እረፍት ላይ ተደብቄ እፍቀው ነበር። እናቴ ገበያ ስትወጣ በሌላ መንገድ የምሄድበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያን ስድብ የሚችለው አንጀት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ልጅ ነበርኩ። ኢንቤ ላይ ግን ልጅ አልነበርኩም። ሠላሳ ዓመቴ ነበር። የሚሰድበኝም ሰው አልነበረም። ፊቴ የተቀመጠው ሰው ሸክላ ሠሪ ነው።

«አሉ፤ እኔ ግን አላውቃቸውም» አልኩ። ምንም ሳልጠየቅ ደግሞ ጨመርኩበት። «እናቴ ነጋዴ ናት።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና ሻዩን ቀዳልኝ። ሌላ አልጠየቀም። ምናልባት ብዙ ሊጠይቀኝ አስቦ ነበር።

አገሬ ስመለስ ዕቃውን ከነእንጨት ሣጥኑ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆየ። አንድ ቀን እናቴ ቤት ልታጸዳ ገብታ አገኘችው። ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።

«ማን ሠራው?» አለችኝ። ጃፓን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነው አልኳት።

ገልብጣ ቂጡን አየችው። «በክር ነው የቆረጠው» አለች። እውነትም የክሩ ዱካ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠምዝዞ ይታያል። ጣቶቿን ወደ ውስጥ አስገብታ ዳበሰች። «እየዞረ ነው የተሠራው። የኔ አይዞርም።» እሷ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች ነው የምትሠራው። ከዚያ በጥፍሯ መታችው፤ እንደ ብረት ጮኸ። ምላሷን አስነካችው። «ውሃ አይጠጣም» አለች።

አላመነችም። ውሃ ሞልታ ጋዜጣ ላይ አስቀምጣው አደረች። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ነው። «ሳይሟሽ?» አለችኝ። ጀበና ሳይሟሽ ውሃ አይዝም። እሷ ስንቱን አሟሽታለች።

እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። ሁለት ሳምንት እንደሚቃጠል ነገርኳት። የእሷ እሳት ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በቅጠል። ዓይኗን የጨረሰውም እሱ ጭስ ነው። ዝም ብላ ቆየችና «እንጨቱንስ ማን ፈለጠለት?» አለች።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ስለ ዲግሪው፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ መጣመሙ ነበር ያየሁት። እሷ ሥራውን አየች። የሰውዬውን ወገብ አየች። የአውራ ጣቱን አሻራ አገኘችና የራሷን አውራ ጣት እዚያ ላይ አሳረፈች። ልክ አልመጣም፤ የእሱ ሰፋ ይላል።

«አልተበላሸም ወይ፣ ዘንብሏል'ኮ» አልኳት። «እሳት ነው ያጎነበሰው፤ ቆሟል'ኮ» አለችኝ።

ከዚያ «ስለ እኔ ነገርከው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ደስ አለው።»

ፈገግ አለች። ያን ቀን በሰፈሩ ለሴቶቹ ሁሉ ተናገረች። እናቴ በ1991 ዓ.ም. አረፈች። ሣጥኑ ላይ የሽማግሌው ስም በቀለም ተጽፏል። አንድ ደብዳቤ ብጽፍ አለቃዬ ያደርስልኝ ነበር። አልጻፍኩም። መጀመሪያ አፍሬ፣ በኋላ ሥራ በዝቶብኝ፣ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ ብዬ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በእጅ የተሠራ ዕቃ ስታገኙ ገልብጡና ቂጡን እዩት። ፊቱን ሁሉም ሰው ያሳምራል። ሠሪው እጁን የሚተወው ከሥር ነው። ዘንድሮ እናንተ ዕቃ አታነሡም፤ ፎቶ ታነሣላችሁ። ያቺ ልጅም ጥያቄዋን ሳልመልስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው። በአንድ ደቂቃ «ቢዘን» ብሎ ነገራት፤ ዋጋም አወጣላት። እኔ ስሙን ለማወቅ ባሕር ተሻግሬያለሁ። ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ግን እኔም ያኔ ኢንቤ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ይሸጣል?» ነበር። ስለዚህ ብዙ ልፈርድባችሁ አልችልም።

ፋብሪካ ንቃችሁ ሸክላ ሥሩም አልላችሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልክ አስጠብቄ ኖሬያለሁ፤ አሁንም የመኪና ፍሬን ላይ ዘንበል ያለ ነገር አልፈልግም። ሁለት ሳምንት እሳት ማንደድ የሚችለውም እንጨት ያለው ሰው ነው። የቀጨኔ እናቶች ያን ዕድል አላገኙም። ቢያገኙ ምን ይሠሩ እንደነበር ሳስብ ግን ያመኛል። ያ ሽማግሌ ለጠማማ ዕቃው ሣጥን አሠርቶ፣ ስሙን ጽፎበት ይሰጣል። እናቴ አንድም ቀን ስሟን የጻፈችበት ጀበና የለም።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ እናቴ ሥራ ከቤተሰቤ ውጭ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቡናው ቀዘቀዘ። ልጅቷ ዕቃውን በሁለት እጇ አንሥታ ገለበጠችው፤ ክሩን አየችው። ከዚያ «የእናትዎ ሥራስ የቱ ጋ ነው ጋሼ?» አለችኝ።

ቤቱን ዞሬ አየሁት። አንድም የለኝም። ጀበናው ተሰብሯል፣ ምጣዱ በኤሌክትሪክ ተተክቷል፣ የቀረው ተሸጧል። ጓዳ ገብቼ ያለኝን ይዤላት መጣሁ። ጭቃውን የምታለሰልስበት ጥቁር ጠጠር ነው። አንደኛው ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ልጅቷ ተቀብላ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ስልኳን አላወጣችም።