ለልጅሽ ጀርባ ካልሲየም ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ14 ዓመት ልጅሽ በየወሩ ደም ትወስዳለች፣ ፌሪቲኗ (በሰውነት የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ) 3,200 ደርሷል፣ ሰሞኑን ደግሞ ጀርባዋን ያማታል። ካልሲየም ልግዛላት ወይ፣ ጤፍስ ብረት ስላለው ልከልክላት ወይ ብለሻል። እኔም እንደ እሷ ታላሴሚያ (በዘር የሚወረስ የደም ማነስ በሽታ) ያለብኝ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሰው ደም የኖርኩ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጤፉን ተዪው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት ደግሞ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ እንጂ ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራው ብረት ከቁጥር አይገባም፤ እንዲያውም ጤፍ ካልሲየም አለው። መከልከል ያለብሽ የብረት ኪኒንና ሽሮፕ ነው። ደም ማነስ የሚለውን ብቻ አይቶ ብረት የሚያዝ ሰው አያጣሽም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል? በቤታችን ይህ ጉዳይ ነውር ስለሆነ ሐኪም ፊት የሚያነሳው አልነበረም፤ የእኔ የወር አበባ የመጣው ዘግይቶ፣ ያውም በሆርሞን ሕክምና ነው። ትርፉ ብረት ከጉበትና ከልብ ሌላ አንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ይጎዳል። እሷ ትእዛዝ ካላስተላለፈች እንቁላል የሚያመርቱት ዕጢዎች (ኦቫሪ) የሴት ሆርሞን አያመነጩም፤ አጥንት ደግሞ በጉርምስና ዘመን የሚጠነክረው በዚህ ሆርሞን ነው። ልጅሽ እስካሁን ምንም ምልክት ካላሳየች «ቤተሰባችን ዘግይቶ ነው የሚያድገው» ብለሽ አትጠብቂ፤ የሆርሞን ምርመራ ጠይቂ።

አጥንት የሚዳከምበት ሁለተኛው ምክንያት ደም የሚሠራበት መቅኔው ነው። ደም በቂ ካልሆነ መቅኔው ጉድለቱን ለመሙላት ይስፋፋና አጥንቱን ከውስጥ ያሳሳዋል። ደም ከመውሰዷ በፊት ሂሞግሎቢኗ (የደሟ መጠን መለኪያ) ከ9.5 እስከ 10.5 ግራም በዴሲሊትር ቢሆን ይመረጣል። ደም ጠፍቶ ቀጠሮ ሲገፋ ለጋሽ ዘመድ አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የብረት ማስወገጃውን መድኃኒት በትክክል ትወስዳለች? ዴፈራሲሮክስ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ ኩላሊትና ጉበት በየጊዜው ይታያል። ዴፈሪፕሮን የምትወስድ ከሆነ ትኩሳት በያዛት ዕለት ሳታሳድሪ የነጭ ደም ሕዋሷን አስቆጥሪ። ዴፈሮክሳሚን ከቆዳ ሥር በመርፌ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠበው ነው፤ እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከእሱ ጋር ስጣላ ነው። በተለይ በልጆች ላይ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የአጥንትን እድገት ይጎዳል፤ ፌሪቲኑ ከፍ አለ ብለሽ በራስሽ አትጨምሪባት። ፌሪቲን በኢንፌክሽንም ይጨምራል፤ ከአንድ ውጤት ይልቅ የወራቱን አካሄድ ተመልከቺ። የጉበቷና የልቧ ብረት በኤምአርአይ ቢለካ ይበልጥ የታመነ ነው።

ወደ ካልሲየሙ ልመለስ። መጀመሪያ ቫይታሚን ዲዋ ይለካ፤ ያለ እሱ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዝም ብሎ ኪኒን ማብዛትም የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፤ እኛ ታላሴሚያ ያለብን ደግሞ ለጠጠር ቅርብ ነን። በጾም ወተት የምትተው ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የአጥንት ጥግግት መለኪያው ዴክሳ ይባላል፤ ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይመከራል።

ጀርባዋን በድንገት አጥብቆ ካመማት፣ እግሯ ከደነዘዘ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውሰጃት።

በእግር መሄድ አትከልክያት፤ አጥንት በእንቅስቃሴ ይጠነክራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ መውጣቷ ግን ይቅር፤ ወንድሟ ቢያጉረመርምም እሱ ይሸከመው።